«ማን አጭቶሽ ነው?»

የአንባቢያችን ደብዳቤ፣ በመጠኑ አጥሮ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። 29 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ አባቴ ግን የደብረ ማርቆስ ሰው ነው። ከፍቅረኛዬ ጋር አራት ዓመት ሆኖናል። እሱ የሚኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለገና መጥቶ ጓደኞቻችን በተሰበሰቡበት ካፌ ተንበርክኮ ቀለበት አደረገልኝ። አለቀስኩ፣ እሺ አልኩ፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ማታ ቤት ገብቼ ‹አባዬ፣ እጮኛ አለኝ› ስለው ቀለበቱን እንኳ ዞር ብሎ አላየውም። ‹ማን አጭቶሽ ነው?› አለኝና ተነስቶ መኝታ ቤቱ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁን ስም አያነሳም። እናቴ ‹ለጊዜው አውልቂው› ትለኛለች። እሱ ደግሞ በስልክ ‹እኔና አንቺ ከተስማማን አለቀ፤ የቪዛው ወረቀት ራሱ ፊያንሴ ነው የሚልሽ› ይለኛል። መሃል ላይ ቀርቻለሁ። ለመሆኑ እጮኛ ማለት ምን ማለት ነው? ቃሉስ ከየት መጣ? እጮኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም?

ቀለበቷን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠችው»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ዓይኔ ቀለበቱ ላይ ነበር። በሁለተኛው የአባትሽ ጥያቄ ያዘኝ። አንቺ ቁጣ ሆኖ ነው የተሰማሽ፤ ተቆጥተውም ይሆናል። ግን ያሉትን ቃል በቃል ብታዪው ጥያቄ ነው፣ መልስም ይፈልጋል። ቃሉ ከየት እንደመጣ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ጥያቄያቸው የሚገባሽ በዚያ በኩል ነውና።

«አጨ» የሚለው ግስ የግዕዝ ልጅ ነው። ግዕዙ «ሐፀየ» ይለዋል፤ «ሐጸየ» ብለው የሚጽፉትም አሉ። ለጋብቻ ጠየቀ፣ ለጋብቻ አሰበ ማለት ነው። አማርኛ ሲሆን የፊተኛው ሐ ሳሳና አ ሆነ። መጨረሻ ላይ ያለችው «የ» ከፊቷ ካለው ፊደል ጋር ተዋህዳ «ጨ» ሆነች። እንግዳ ነገር እንዳይመስልሽ። በየቀኑ «መሸ» ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ግዕዙ «መስየ» ነበር። ትግርኛ ግን የድሮውን ድምፅ እስከ ዛሬ ይዞታል። መተጫጨቱን «ሕጸ» ይሉታል፣ ወንዱን «ሕጹይ»፣ ሴቷን «ሕጽይቲ»። የትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛ ካለሽ ጠይቂያት፤ እጮኛ የሚለውን ቃል በሌላ ልብሱ ታዪዋለሽ።

ግዕዝ ለዚሁ ነገር ሌላም ቃል አለው፤ «ፈኀረ» የሚባል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 እመቤታችን ለዮሴፍ «ፍኅርት» የተባለችው ከዚህ ነው። አማርኛ ይህን ቃል አልወሰደውም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ቦታ ላይ «የታጨች» ይላል። ማቴዎስ ምዕራፍ 1 ላይ ደግሞ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ቁጥር 19 «እጮኛዋ ዮሴፍ» ይላል። ቁጥር 20 ላይ መልአኩ ዮሴፍን «እጮኛህን ማርያምን ለመውሰድ አትፍራ» ይለዋል። እሱም እጮኛ፣ እሷም እጮኛ። ቃሉ ወንድና ሴት አይለይም። ትግርኛ ሁለት ቃል የሚያስፈልገውን አማርኛ በአንድ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ አባትሽ እንምጣ። በእሳቸው አማርኛ አጨ የሚለው ግስ ባለቤት ይፈልጋል። «እገሌ ለልጁ ልጅ አጨለት» ይባላል። «ለ» የምትለዋን ልብ በያት። የሚያጨው አባት ነው፣ አጎት ነው፣ ቤተሰብ ነው። ልጁ ይታጭለታል፣ ልጅቷ ትታጫለች። ስለዚህ ሴት ልጅ መጥታ «እጮኛ አለኝ» ስትል፣ ቃሉን በዚያ መንገድ ለለመደ ጆሮ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ማን መጣ? ማን ጠየቀ? ማን ፊት ተነገረ? «ማን አጭቶሽ ነው?» ማለት ይኸው ነው። በደጃቸው ያለፈ ሰው አላዩም። ቃሉ ግን ሰው መጥቷል ይላል።

ይህን ለማየት «እጩ» የሚለውን ቃል ተመልከቺው። «እጩ ተመራቂ» እንላለን፤ ትምህርቱን ጨርሶ ገና ያልተመረቀ ማለት ነው። «እጩ መኮንን» እንላለን፤ ማዕረጉ ገና ትከሻው ላይ ያልተሰካ። ሰው ለሽልማት «ታጨ» እንላለን፣ ለምርጫ «እጩ ሆኖ ቀረበ» እንላለን። ሁሉም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በሁሉም ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሌላ ሰው መርጦ አቅርቦታል። ሁለተኛ፣ ነገሩ ገና አላለቀም። ኦሮምኛም እንዲሁ ያደርጋል፤ «ካዺማ» ስትይ እጮኛ ነው፣ ከዚያው ሥር የወጣው ቃል ለምርጫ የቀረበውንም ሰው ይጠራበታል። ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ኖረው አንድ ዓይነት ሐሳብ ላይ መድረሳቸውን ሳስብ ይገርመኛል።

ግን የአማርኛ ሰዋስው ሌላም በር አለው፤ እሱን ደግሞ ለአንቺና ለፍቅረኛሽ ነው የምነግራችሁ። «ተጫጩ» የሚል ቃል አለን። እርስ በርስ ማለት ነው፤ አንዱ ለሌላው። እንደ ተስማሙ፣ እንደ ተዋደዱ፣ እንደ ተጋቡ። እዚህ ቃል ውስጥ አድራጊና ተደራጊ የለም፣ ሁለቱም አድራጊ ናቸው። እናንተ ካፌ ውስጥ ያደረጋችሁትን በአማርኛ ልጥራው ካልኩ «ተጫጩ» እላለሁ። አባትሽ እየጠበቁ ያሉት «ታጨች» የሚለውን ነው። ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው። ከአንድ ግስ ወጥተው አንድ ቤት ውስጥ ተጣልተዋል።

አባትሽን ብቻ ደግፌ የምናገር እንዳይመስልሽ። ታጨች የሚለው ቃል ጥሩ ጎን ብቻ አይደለም ያለው። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስለ ራሷ ስታወራ «ታጨሁ ሲሉኝ ዶሮ ከጤፍ ላይ እያባረርኩ ነበር» ትለን ነበር። ስንት ዓመቷ እንደነበር አታውቅም። ጥርሷ ግን ገና እየተቀየረ እንደነበር ታስታውሳለች። ሰዎች መጥተው ጠላ ጠጥተው ሄዱ። ማታ እናቷ ፀጉሯን ስትሠራት «ላንቺ ነው የመጡት» አለቻት። በቃ። ልጅቷ የግሱ ተደራጊ ብቻ የነበረችበት ዘመን ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ ዛሬም አላለፈም። ስለዚህ ፍቅረኛሽ «እኔና አንቺ ከተስማማን አለቀ» ሲል ከጀርባው ትልቅ እውነት አለ። አያቴ ያንን ዓረፍተ ነገር የሚላት አላገኘችም።

ሕጋችንም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መተጫጨት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። እዚያ ላይ መተጫጨት የሁለት ቤተሰቦች ውል ነው፤ ከሁለት ቤት የተገኙ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንዲጋቡ ቤተሰቦቹ የሚዋዋሉት። ውሉን ያፈረሰ ወገን የሚጠየቅበትም ነገር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ግን ያ ክፍል ቀረ። ሕጉ በቀጥታ ከጋብቻ ይጀምራል። ዕድሜው 18 ነው፣ የሚጠየቀው የሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ነው። ማለት የምፈልገው ግልጽ ይሁንልሽ። አንቺ 29 ዓመትሽ ነው፤ ለማግባት የአባትሽ ፈቃድ የሕግ ግዴታ አይደለም። የሳቸውን እሺታ የምትፈልጊው ስለምትወጃቸው ነው። ይህ ደግሞ ከሕግ አያንስም።

ስለ ቀለበቱ ልንገርሽ። ቋንቋችን ቀለበትን ጣት ላይ ሲያደርገው «አጠለቀ» ወይም «አደረገ» ይላል። መተጫጨት ሲሆን ግን ቀለበት «ይታሰራል»። ቀለበት አሰሩ እንላለን። ገመድ የለው፣ ቋጠሮ የለው፤ ምኑ ይታሰራል? እኔ ሁልጊዜ የሚመስለኝ የሚታሰረው ቃሉ ነው፤ ቀለበቱ የቃሉ ምልክት ስለሆነ ግሱን ከእሱ ተዋሰው። በከተማ ዛሬ «ቀለበት» ማለት ራሱ መተጫጨት ሆኗል። «ቀለበቷ መቼ ነው?» ስንል ሥነ ሥርዓቱን ነው የምንጠይቀው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ «እጮኝነት» የሚለው ቃል በጣም ይሠራበታል፤ ጊዜ ተሰጥቶት፣ ምክር ተሰጥቶበት የሚያልፍ ወቅት ነው። በአባትሽ አገር፣ በእሳቸው የልጅነት ዘመን፣ በብዙ ቤት ለመታጨት የሚፈለገው ቀለበት አልነበረም። ሰው ነበር፣ ቃል ነበር፣ ማጫ ነበር።

ማጫ ያልኩሽም የዚያው ቤተሰብ ቃል ነው። አረሰ ብሎ የሚያርስበትን ማረሻ እንደሚል፣ አጨ ብሎ የሚያጭበትን «ማጫ» ይላል። ለልጅቷ ወይም ለወላጆቿ የሚሰጠው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሴኬም ዲናን ለማግባት ሲለምን ብዙ ማጫና እጅ መንሻ እሰጣለሁ የሚለው ይህን ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ ቃሉን እምብዛም አትሰሚውም፤ ቦታውን «ጥሎሽ» ወስዶታል። ጥሎሽ ከ«ጣለ» ነው። ልብሱና ወርቁ ሰው ፊት ተዘርግቶ ስለሚጣል፤ «ጥሎሽ ጣሉላት» ይባላል። እናትሽ በልቧ ሻንጣው ሲከፈት እያየች ሊሆን ይችላል፤ እናቶች ይህንን ያስባሉ። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ያለው «መህር» ግን ሌላ ነው፣ አብረሽ እንዳታደባልቂው። እሱ በኒካህ ጊዜ የሚወሰን የሙሽሪት የራሷ ገንዘብ ነው፤ አባቷም ባሏም አይነኩትም።

«ፊያንሴ» የሚለውስ? ይህ ፈረንሳይኛ ነው፤ ከመታመን፣ አምኖ ቃል ከመግባት የመጣ ቃል። ደስ የሚል ሥር አለው። ግን በውስጡ ሽማግሌ የለም፣ ቤተሰብ የለም። ሁለት ሰው ተማመነ፣ በቃ። ፍቅረኛሽ የሚያወራው በዚህ ቃል ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ሰው ነውና አልፈርድበትም። የቪዛው ወረቀትም ትርጉሙ የራሱ ነው። እዚያ ፊያንሴ የምትባዪው ጠያቂሽ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል ከተገናኛችሁ፣ ከገባሽ በ90 ቀን ውስጥም ልትጋቡ ከወሰናችሁ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው በዚህ መንገድ መጠየቅ አይችልም፤ ይህን አረጋግጪ። ለገና መምጣቱ ለዚያ ወረቀት ይጠቅማችኋል። ለአባትሽ ግን የቪዛ ወረቀት ማሳየት አያዋጣሽም። «ኤምባሲው እጮኛ ብሎኛል» የሚል መልስ ለ«ማን አጭቶሽ ነው?» መልስ አይሆንም። ይልቁንም ልባቸውን ይሰብረዋል። ልጃቸውን ኤምባሲ አጨብኝ ይላሉ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ፦ በፊያንሴ ቋንቋ አዎ ነሽ። በ«ተጫጩ» አማርኛ አዎ ነሽ። በ«ታጨች» አማርኛ ገና ነሽ። እኔን ብትጠይቂኝ ደግሞ ይህ ገና የሚለው መጥፎ ቦታ አይደለም። ሊሞላ የሚችል ቦታ ነው፤ የሚሞላውም ሽማግሌ በመላክ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ከራሴ ልንገርሽ። ባለቤቴ ሽማግሌ የላከ ጊዜ እኔ 26 ዓመቴ ነበር። እሁድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ሦስት ናቸው። አንደኛው የሰፈራችን የእድር ዳኛ፣ ሁለተኛው የእሱ አጎት፣ ሦስተኛው አባቴ የሚያከብሩት መምህር። እኔ ጓዳ ነኝ። በመጋረጃው ስንጥቅ የማየው የአጎቱን ጫማ ብቻ ነው፤ ጥቁር፣ በደንብ የተወለወለ፣ አንዱ ክር የተፈታ። አባቴ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ይላሉ። «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ እነሱ። ጫማው አይንቀሳቀስም። ከዚያ የእድር ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ነው የመጣነው» አሉ።

አባቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የማን ልጅ ነው?» አሉ። ልጁን ያውቁታል! አንድ ዓመት ሙሉ በር ላይ ሰላም ሲላቸው ኖሯል። ያኔ አፈርኩባቸው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው የገባኝ። የልጁን ስም ሰው ፊት ከሰው አፍ መስማት ፈልገው ነው። አባቱ እገሌ፣ አያቱ እገሌ፣ ተብሎ እንዲቆጠርለት። አንዳንድ ቤት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዝምድና እንዳይኖር። የእኔ አባት እስከ አያቱ ሰሙና በቃቸው። «እንመካከርበት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ።

ያቺ ሁለት ሳምንት ናት ዋናዋ። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ ጓዳ መጡ። ጓዳ ገብተው አያውቁም ነበር። የጋቢያቸውን ጥለት በጣታቸው እየጠቀለሉ ቆሙ። «ትፈልጊዋለሽ?» አሉኝ። በሕይወቴ ስለ ልቤ የጠየቁኝ የዚያን ቀን ነው። አዎ አልኳቸው። ሌላ አልጨመሩም፣ ወጡ። ሽማግሌ ባይመጣ ያንን ጥያቄ የሚጠይቁበት አጋጣሚ አያገኙም ነበር። አያቴን ማንም ያልጠየቃትን ነገር እኔን አባቴ ጠየቁኝ። ሥርዓቱ ያው ነው፤ በውስጡ የሚባለው ግን ሊለወጥ ይችላል። አባትሽም ያቺን ጥያቄ ሊጠይቁሽ የሚችሉበት ቀን ያስፈልጋቸዋል ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ፍቅረኛሽ መምጣት አያስፈልገውም። ሽማግሌ ማለት ስለ እሱ የሚቆም ሰው ነው፤ እሱ ቨርጂኒያ ሆኖ ሊልክ ይችላል። ራሱ ለአባትሽ ደውሎ «ልጅዎን ላገባ ነው» እንዳይል ብቻ አደራ። ደፋርነት ሆኖ ይታያል፤ እሱ አክብሮት ነው ብሎ ያደረገው ነገር ነገሩን ያበላሸዋል። አባቱ ወይም አጎቱ አዲስ አበባ ካሉ ከእነሱ ይጀምር። ሦስት ሰው ይበቃል። ከሦስቱ አንዱ አባትሽ እምቢ ለማለት የሚከብዳቸው ሰው ይሁን፤ የንስሐ አባታቸው፣ የእድራቸው ሰው፣ የድሮ የሥራ ባልደረባ። ይህን ሰው የምታውቂው አንቺ ነሽ እንጂ እሱ አይደለም፤ ስሙን ቀስ ብለሽ ስጪው። ቀኑን እናትሽ ቀድማ ትወቅ። እናት ሳታውቅ ሽማግሌ ከመጣ ቡናውም አይፈላም፣ ነገሩም አይሰምርም። ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ባይሰጣቸው አትደንግጪ። መልስ የሚሰጥ አባት ጥቂት ነው፤ ቀጠሮ መስጠት ራሱ በር መክፈት ነው።

ለፍቅረኛሽ የምትነግሪውን ደግሞ በሱ ቋንቋ ንገሪው። «የቤተሰቤን ፈቃድ አስለምናለሁ» ብትዪው አይገባውም ይሆናል፣ የራሱንም ውሳኔ ያሳነስሽበት ይመስለዋል። «አንተ እኔን ጠየቅከኝ፣ እሺ አልኩህ፤ ያ አልቋል። አሁን ደግሞ ቤቴን ጠይቅልኝ» በይው። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው ሌላውን አይሰርዘውም። ሽማግሌ ሲመጣም ለቪዛ ፋይል ተብሎ ካሜራ ፊት እንዳይቆሙ ተጠንቀቁ። ፎቶ ይነሳ፣ ምንም አይደል፤ ግን ቡናው ከተጠጣ፣ ሰው ከተሳሳቀ በኋላ ይነሳ። አባትሽ የተጠየቁት ለወረቀት እንደሆነ ከጠረጠሩ ሁለት ሳምንቷ ሁለት ዓመት ትሆናለች።

አባትሽ ሽማግሌም መጥቶ እምቢ ቢሉስ? ያኔ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ ምክንያታቸውን ሰምተን እንነጋገራለን። አስቀድሜ የምልሽ፣ እምቢታቸው ሕይወትሽን አይወስነውም። የምትፈልጊውን ሰው በ29 ዓመትሽ መርጠሻል፤ መብትሽ ነው። የላክሽልኝን ደብዳቤ ሳነብ ግን የማየው እምቢ ያሉ አባት አይደለም። አንድ ጥያቄ ጠይቀው መልሱን መኝታ ቤታቸው ሆነው የሚጠብቁ አባት ናቸው።

ስለ ቀለበቱ ከእናትሽ ጋር አትጣዪ። መሳቢያ ውስጥ መግባቱ ቃልሽን አያጥፈውም። ግን እስከዚያው «እጮኛዬ» የሚለውን ቃል ቤት ውስጥ ተዪው፤ ሌላ ቦታ እንደፈለግሽ። በስሙ ጥሪው። አባትሽ ስሙን አያነሱም ብለሻል፤ አንቺ አንሺው። ቀለል አድርገሽ፣ ሌላ ነገር ሲወራ፦ «አባዬ፣ እገሌ ደወለ፣ ሰላም በይልኝ ብሏል» በያቸው። ከዚያ ማታ፣ ዜና አይተው ሲጨርሱ፣ አጠገባቸው ተቀመጪና ጥያቄያቸውን መልሺላቸው። «አባዬ፣ ማን አጭቶሽ ነው ብለኸኝ ነበር። እስካሁን ማንም አልመጣም። ሰው ይመጣል። ሲመጣ ቤት ትሆናለህ?»